የ10ኛን ጨራሾች ክረምት በምን እናሳልፍላቸው? የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት፣ ድሬዳዋ

ሰብሳቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ በተስማማነው መሠረት፣ ለትምህርት ቤቱ የምናስገባውን የዕቅድ ሐሳብ እዚሁ አብረን እንጻፈው። ጉዳዩ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። 10ኛን ጨርሰው ናቹራል መርጠዋል። መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡ፣ ፊዚክሱና ኬሚስትሪው ከአቅማቸው በላይ እንዳይሆንባቸው ሐምሌና ነሐሴን እንዴት እንጠቀምባቸው? የኔ መነሻ ሐሳብ የ11ኛውን መጽሐፍ ግማሽ ክረምት ላይ ማስጨረስ ነው። ክፍል ሲገቡ ሁለተኛ ጊዜ ስለሚያዩት ይቀላቸዋል ብዬ ነው። የማትስማሙ በግልጽ ተናገሩ።

የወላጆች ተወካይ
እኔ እስማማለሁ። እንዲያውም ዘግይተናል። በ2014 ዓ.ም. 12ኛን የጨረሱት ልጆች ፈተናውን ጥቅምት 2015 ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲወስዱ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ፈተና 3.2 በመቶ። በ2016 ደግሞ 5.4። ይህን ቁጥር ያየ ወላጅ እንዴት ይተኛል? ልጆቻችን ዛሬ ነው መሮጥ መጀመር ያለባቸው። የቆዩ የኢንትራንስ ጥያቄዎችንም ከወዲሁ ቢሠሩ ደስ ይለኛል።

የሒሳብ መምህር
ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በመነሻው አልስማማም። ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ልጆቹ 11ኛ ክፍል ላይ የሚወድቁት በ11ኛው ትምህርት አይደለም። የ11ኛ ክፍል ሒሳብ ሁለተኛ ምዕራፍ ራሽናል ኤክስፕሬሽን ነው። ስሙ ያስፈራል። ውስጡ ግን ፍራክሽን ነው፤ በቁጥር ቦታ ፊደል ስለገባ ነው ሌላ የሚመስለው። አሁን አንድ ልጅ ጠርታችሁ 2/3 ሲደመር 3/5 ስንት ነው በሉት። 5/8 ብሎ የሚጽፍ ታገኛላችሁ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ይደምራል። መልሱ 19/15 ነው። ይህ ልጅ በ11ኛው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ወር ቢመላለስ ምን ያገኛል? የመምህሩን ሥራ ይገለብጣል፣ ደብተሩ ይሞላል፣ በቃ።

ሌላም ልጨምር። የ3 እና የ4 ድምር ስኩዌር 49 ነው። እያንዳንዳቸውን ስኩዌር አድርገን ስንደምር ግን 25 ነው የሚመጣው። በቁጥር ስታሳዩአቸው ልዩነቱ ይታያቸዋል። በፊደል ስትጽፉት ግን ሁለቱን አንድ ናቸው ይሏችኋል። ይህቺ ስህተት ከ9ኛ ክፍል ተነስታ እስከ 12ኛ ካልኩለስ ድረስ አብራቸው ትሄዳለች። ሊሚት ላይ ፋክተር ማድረግ ያቃተው ልጅ ሊሚት አልገባኝም ይላል። ያልገባው ሊሚቱ አይደለም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ክረምቱን ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉትን ቀዳዳዎች እንድፈንባቸው። ፍራክሽን፣ የኔጌቲቭ ምልክት፣ ኤክስፖነንትና ሎጋሪዝም፣ ፋክተራይዜሽን፣ ኢኩዌሽን መፍታት፣ ግራፍ ማንበብ፣ የመጀመሪያ ትሪጎኖሜትሪ። አዲሱን ትምህርት መስከረም ላይ መምህራቸው ያስተምራቸዋል። ቀዳዳውን ግን ማንም ተመልሶ አይደፍንላቸውም፤ የክፍሉ ጊዜ አይፈቅድምና።

የፊዚክስ መምህርት
መምህር የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። በኔም በኩል ያው ነው። ልጆቹ ፎርሙላውን ያውቁታል። ፍጥነት ሲሰጣቸው ርቀት ያወጣሉ። ጊዜውን አውጡ ሲባሉ ይቆማሉ፤ ፎርሙላውን ገልብጦ ማስተካከል አልለመዱም። ቀጥሎ ዩኒት አለ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 20 ሜትር መሆኑን ሳያስቡ 72ን እንዳለ ይከቱታል። 11ኛ ላይ ቬክተር ገና ከመጀመሪያው ይመጣል፤ ሳይንና ኮሳይን ያልያዘ ልጅ እዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ቀዳዳ መድፈን ብቻ ከሆነ ልጆቹ ይሰለቻቸዋል፤ የ7ኛ ክፍል ትምህርት አምጥተው ናቁን ሊሉም ይችላሉ። በየሳምንቱ በእጃቸው የሚነኩት አንድ ነገር ይኑር። ላብራቶሪ አያስፈልገንም። አንድ ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለው አሥር ጊዜ ሲወዛወዝ በስልካቸው ይቁጠሩት፤ 20 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ከዚያ የመሬትን ስበት ራሳቸው አስልተው ያወጡታል። የተሸመደደው 9.8 በራሳቸው እጅ ሲመጣ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ማየት አለባችሁ።

ቴርሞሜትር ካገኘን ደግሞ ውሃ እናፈላለን። እኛ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆንን ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደንገጎን ወጥተን ሐረር ብንገባ ወደ 94 ይወርዳል። መጽሐፉ 100 ይላል። ለምን? ከዚህ ጥያቄ ተነስተን የአየር ግፊትን እናስተምራለን።

የምድር ባቡር ጡረተኛ አባል
ልጆቼ፣ እኔ መምህር አይደለሁም። ግን ስለ ሙቀት ስትጽፉ የሐዲዱ ክፍተት ትዝ አለኝ። በድሮው መስመር በሁለት ሐዲድ መገጣጠሚያ መካከል ትንሽ ክፍተት እንተው ነበር። ብረቱ በቀን ይረዝማል፣ በሌሊት ይሰበሰባል። ክፍተቱን ካጠበብከው ሐዲዱ ይጎብጣል። ይሄ ለትምህርታችሁ ይሆናል?

የፊዚክስ መምህርት
እንዴት አይሆንም ጋሼ! አሁኑኑ አሰላሁት። 12 ሜትር ሐዲድ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 4.3 ሚሊሜትር ይረዝማል። ይህቺ ከተማ ባቡሩ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ ዘመን እዚህ ስለደረሰ የቆመች ከተማ ናት። ልጆቻችን ሐዲዱን እየዘለሉ ነው ያደጉት። ይህን ጥያቄ ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት አይረሱትም። አንድ ጠዋት መጥተው ይነግሯቸዋል?

የምድር ባቡር ጡረተኛ አባል
እመጣለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ።

የኬሚስትሪ መምህር
በኬሚስትሪ ቀዳዳው ሞል፣ የንጥረ ነገር መጠን የምንቆጥርበት መለኪያ ነው። ሞል ያልገባው ልጅ 11ኛ ላይ ኢኩሊብሪየም ሲመጣ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። እኔም ከአካባቢያችን ልጀምርላቸው አስቤአለሁ። ከተማችን የሲሚንቶ ከተማ ናት፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ ይጀምራል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። 44ቱ ኪሎ የት ሄደ? ይህን በራሱ አስልቶ ያወጣ ልጅ ሞል ገብቶታል ማለት ነው። ውሃችንም ያው የኖራ ድንጋይ የሟሟበት ነው። የማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ላይ ሎሚ ሲጨምቁበት አረፋ ያወጣል። ወጪው አንድ ሎሚ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የማኅበሩ ወጣት አባል
እኔ ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ፈተናውን ከወሰድኩ ብዙ ስላልቆየሁ ያየሁትን ልናገር።

11ኛ ስገባ ጎበዝ የምባል ልጅ ነበርኩ። በቴሌግራም የማይገኝ ነገር የለም። መጽሐፉ፣ ሾርት ኖቱ፣ የተሠራ መልሱ፣ ሁሉም ስልኬ ላይ ነበር። ጥያቄውን አነባለሁ፣ ትንሽ አስባለሁ፣ መልሱን ከፍቼ አያለሁ። እህ፣ ይሄማ ቀላል ነው እላለሁ። ወደሚቀጥለው። እንዲህ ስል ግማሽ ዓመት ሄደ። ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን እጄ አልሄድ አለ። ለካ ስንት ወር የሰው ሥራ ሳነብ እንጂ ስሠራ አልነበረም። ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አንድ ሕግ ይግባልኝ። ክፍል ውስጥ ስልክ የሚከፈተው ለመቁጠሪያ ብቻ ይሁን። አንድ ጥያቄ ይዘው 20 ደቂቃ ሳይታገሉ መልስ አይታይ። የተሳሳቱት አይሰረዝ፤ ከጎኑ ለምን እንደተሳሳቱ በራሳቸው ቃል ይጻፉ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ይጻፉት።

ቋንቋውም አለ። ድሬ ላይ ልጆቹ በየቋንቋቸው ተምረው ይመጡና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ያውቁታል፣ ጥያቄው ምን እንደጠየቀ ነው የማይገባቸው። "ቢያንስ"፣ "ቢበዛ"፣ "በስተቀር" የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛው ሲመጡ መልሱን ይገለብጡታል። እነዚህን በየቀኑ 10 ደቂቃ እኔ ላሲዛቸው።

የወላጆች ተወካይ
እሺ፣ አሳምናችሁኛል። የ11ኛው መጽሐፍ ይቆይ። አሁን ደግሞ የኔን ጉዳይ ስሙኝ። እኔ የሴት ልጅ እናት ነኝ። ክረምት ሲመጣ ወንዱ ልጅ ነፃ ነው። ሴቷ ግን ቤት ናት። ትምህርቱ ከሰዓት ከሆነ የኔ ልጅ አትመጣም፣ የጎረቤቴም አትመጣም። ሥራው፣ ታናናሾቹ፣ ከዚያ ሲመሽ መንገዱ አለ። የወንዙም ጉዳይ አለ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት የወሰደብንን ሰው የሚረሳ የለም፤ ከ200 በላይ ነፍስ ነው። ደመናው በደጋው በኩል ሲጠቁር ልጄን ከወንዝ ማዶ አልልክም።

ሰብሳቢ
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ከሰዓትማ ሙቀቱም አያስተምርም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በ8 ሰዓት ማን ሎጋሪዝም ይሠራል? ከተማው ራሱ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገብተው 4 ሰዓት ተኩል ይውጡ። በሁለት ቦታ እናድርገው፤ አንዱ ከዚራ በኩል፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ መጋላ በኩል። ማንም ልጅ ደቻቱን ለመሻገር አይገደድም። ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ከተፈራ የዚያን ቀን ትምህርት ይቀራል።

የሒሳብ መምህር
ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይሁን። ዓርብ ለጁምዓም ለቤት ሥራም ነፃ ይሁን። ለ7 ሳምንት 28 ቀን ነው፣ በቀን 3 ሰዓት፣ 84 ሰዓት። ለሒሳብ ግማሹን፣ 42 ሰዓት ስጡኝ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ እየተፈራረቁ 21፣ 21 ይውሰዱ።

ጸሐፊ
ሐምሌ 19 ቁልቢ ነው፤ የዚያን ሰሞን ብዙ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር መንገድ ላይ ነው። ቀኑ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከዋለ በሳምንቱ ቅዳሜ እናካክሰው።

አዲስ አባል፣ ወላጅ
ባዮሎጂስ? ልጄ ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው። ለሷ ዋናው እሱ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር
ጥያቄዎ ትክክል ነው። ግን ባዮሎጂ አንብባ ልትይዘው የምትችለው ነው፤ ፍራክሽንን ግን ብቻዋን አንብባ አትይዘውም። ለሷ በሳምንት አንድ ምዕራፍ የንባብ ሥራ እሰጣታለሁ፣ ዓርብ ዓርብ እጠይቃታለሁ። ሕክምና ለመግባትም ሒሳቡና ፊዚክሱ ተደምረው ነው ነጥቡ የሚሠራው።

አዲስ አባል፣ ወላጅ
ወንዱ ልጄ ደግሞ ዘንድሮ 12ኛ ይገባል። እሱንስ ረሳችሁት?

ሰብሳቢ
አልረሳነውም። ያሉን መምህራን ሦስት ናቸው። ሁሉንም ክፍል ብንይዝ አንዱንም በወጉ አናስተምርም። 12ኛ ገቢዎች ቅዳሜ ጠዋት በወጣቱ አባላችን መሪነት የቆዩ ፈተናዎችን በሰዓት ይሥሩ። ሙሉውን ግን ዘንድሮ በ11ኛ ገቢዎች እንጀምር። ቅር እንደሚልዎት አውቃለሁ።

አዲስ አባል፣ ወላጅ
ቅር ብሎኛል፣ ግን ይገባኛል። ቅዳሜውን ይመጣል።

ጸሐፊ
የተስማማንበትን በረቂቅ እንዲህ ጽፌዋለሁ። አርሙት።

"ማኅበራችን 10ኛ ክፍልን አጠናቀው ወደ 11ኛ ክፍል ተፈጥሮ ሳይንስ ለሚያልፉ የአካባቢያችን ተማሪዎች በክረምት ለ7 ሳምንታት ነፃ ትምህርት ለመስጠት አቅዷል። ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 4፡30 በሁለት ቦታዎች ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ከተሰጡ ትምህርቶች 20 ጥያቄዎች ቀርበው ተማሪዎች በውጤታቸው ሳይሆን በጎደላቸው የትምህርት ክፍል ይመደባሉ። ውጤቱ ለማንም አይገለጽም። በአንድ ክፍል ከ40 ተማሪ በላይ አይኖርም፤ ከመቀመጫው ቢያንስ ግማሹ ለሴት ተማሪዎች ይያዛል። ከትምህርት ቤቱ የምንጠይቀው በየቦታው ሁለት ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ የመጠጥ ውሃና የጥበቃ ትብብር ነው። የጠመኔና የፎቶኮፒ ወጪ በማኅበሩ ይሸፈናል።"

የሒሳብ መምህር
"ውጤቱ ለማንም አይገለጽም" የሚለው ላይ "ለተማሪውና ለመምህሩ ካልሆነ በቀር" በሉበት። ልጁ የጎደለውን ማወቅ አለበት። በመጨረሻው ቀን ያንኑ 20 ጥያቄ ቁጥሩን ለውጠን እንስጣቸው፤ እኛም ሠርተን እንደሆነ እንወቅ።

የወላጆች ተወካይ
የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ይጨመርበት። ለሴቶቹ። ክረምት ላይ ተቆልፎ ነው የሚከርመው።

ጸሐፊ
ሁለቱም ገብተዋል። ሰኞ ጠዋት አትሜ ለርዕሰ መምህሩ አደርሳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ አባል
እኔ አለሁ። 2 ሰዓት ላይ በሩ ላይ እንገናኝ።