ጥቆማ፦ ከዲሲ አካባቢ 11 ሆነን ራፍቲንግ፣ ሦስታችን ዋና አንችልም

ሲልቨር ስፕሪንግ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት አጋማሽ ላይ 11 ሆነን ራፍቲንግ (በአየር በተነፋ ጀልባ ፈጣን ወንዝ መውረድ) ልንሄድ አስበናል። ትንሿ 13 ዓመቷ ነው፣ አክስቴ 61 ናቸው። ሦስት ሰው ዋና ጨርሶ አይችልም፤ ሁለቱ ጎረምሶች ደግሞ «ቀላሉን አንፈልግም» ብለዋል። የሰማሁት ሁለት ቦታ ነው፤ ዌስት ቨርጂኒያ ሃርፐርስ ፌሪ እና ፔንስልቬንያ ኦሃዮፓይል። የቱ ይሻለናል? ፍልሰታ ስለሚሆን የምሳውንም ነገር የምታውቁ ንገሩኝ።

ዓባይ ዳር፦
ወንዝ የሚመረጠው በጎረምሶቹ ልክ ሳይሆን በአክስትሽና ዋና በማይችሉት ልክ ነው። ስድስት ሰው በሚቀዝፍበት ጀልባ ሁለቱ ፈርተው መቅዘፊያቸውን ካነሡ፣ ጋይዱ (ጀልባውን የሚመራው ባለሙያ) የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ጀልባው መስመሩን ይስታል።

ውሃው ከ1 እስከ 6 ክላስ ይመደባል። 1 እና 2 ረጋ ያለ ነው። 3 ላይ ሞገዱ ፊት ይመታል፣ ሰው ሊወድቅም ይችላል። 4 ላይ መስመር መሳት መዘዝ አለው። 5 ለጀማሪ አይደለም።

ኦሃዮፓይል ሲሉሽ የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቂ። እዚያ የሚያልፈው ዮካጌኒ ወንዝ አንድ ቢሆንም ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ነው። ከኮንፍሉዌንስ እስከ ኦሃዮፓይል ያለው መካከለኛው ክፍል 1 እና 2 ነው። ከኦሃዮፓይል ፏፏቴ በታች ያለው 7 ማይል ያህል 3 እና 4 ነው፤ እዚያ የተለመደው የዕድሜ ገደብ 12 ነው። ሜሪላንድ ፍሬንድስቪል በኩል ያለው ላይኛው ክፍል 4 እና 5 ስለሆነ እሱን ተዉት። ታችኛው ላይ ዲምፕል ሮክ የሚባል ድንጋይ አለ። ከሥሩ ስለተቦረቦረ ውሃው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሰው የሞተበት ቦታ ነው። በዳር በእግር ማለፍ ይቻላል፣ የፈራ ሰው ማለፍ እንደሚችል ቀድሞ ይነገረው።

ኖቫ 27፦
ብዙ አትድከሙ፣ ሃርፐርስ ፌሪ ሂዱ። እኛ ሁልጊዜ የምንሄድበት የራፍቲንግ ቤት ሠራተኞቹ ሰው አክባሪ ናቸው፣ መኪና ማቆሚያቸው ሰፊ ነው፣ ከእናንተ ዘንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው። ኦሃዮፓይል ሦስት ሰዓት ተኩል ነድቶ መሄድ ከአክስት ጋር አይሆንም።

የተቆጨ፦
ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። «በጋይድ» ብለው ይሸጡላችኋል፣ ወንዙ ላይ ስትደርሱ ጋይዱ ሌላ ጀልባ ላይ ነው። ታችኛው ዮካጌኒ ላይ አራት ሰው ትንሽ ጀልባ ተሰጥቶን «ከኋላችን ተከተሉ» ተባልን። ማናችንም መሪ መያዝ አናውቅም። ድንጋይ ላይ ተለጠፍን፣ ጀልባው በጎኑ ቆመ፣ ሁለት ሰው ውሃ ውስጥ ገባ። ገንዘብ መልሱ ስንል «ፈርማችኋል» አሉን። ድርጅቱን ስሙን አልጠራም፣ ግን ማንም ሰው ሳይጠይቅ እንዳይከፍል።

ቀጥተኛ፦
ያ እኮ የዚያ ወንዝ የቆየ አሠራር ነው። ዋጋው የረከሰው ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከፍሎ፣ ውሉን ሳያነቡ ፈርሞ፣ ቆይቶ ድርጅት መውቀስ ትክክል አይደለም።

የተቆጨ፦
«በጋይድ» ከተባለ ጋይዱ አብሮኝ እንዳለ ነው የምረዳው። አንቺም ብትሆኚ እንደዚያው ነበር የምትረጂው።

መርከበኛ፦
ሁለታችሁም ቁም ነገሩን ነክታችኋል። ስልክ ስትደውሉ የምትጠይቁት ዐረፍተ ነገር ይኸው፦ «በእያንዳንዱ ጀልባ ውስጥ አንድ ጋይድ ተቀምጦ ይመራል ወይ?» አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ብቻ ተቀበሉ። አይ ካሉ ጨምረን ከፍለን ጋይድ ጀልባው ውስጥ የምናስገባበት አማራጭ አለ ወይ በሉ። ዋና የማይችል ሰው ይዞ ያለ ጋይድ ክላስ 3 መግባት አይታሰብም።

ጀልባ ድንጋይ ላይ ሲጣበቅ የሚገለበጠው ሰው ሁሉ ደንግጦ ከድንጋዩ ስለሚሸሽ ነው። በሸሸበት በኩል ያለው ጎን ይወርዳል፣ ውሃው በላዩ ይገባል፣ ሸክሙም ጀልባውን ወደ ድንጋዩ ይጫነዋል። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው፤ ሁሉም ወደ ድንጋዩ ይዝለል። ጋይዱ «ሃይ ሳይድ!» ብሎ ሲጮህ ማለቱ ይህንን ነው።

የወደቀ ሰው ደግሞ በጀርባው ይተኛ፣ እግሩን ወደ ታች ወደሚፈሰው አቅጣጫ ያድርግ፣ የእግር ጣቶቹ ከውሃ በላይ ይታዩ። ውሃው ጉልበት ድረስ ቢሆንም ለመቆም እንዳይሞክር። እግር በሁለት ድንጋይ መካከል ከተያዘ ውሃው ከኋላ ይገፋና ፊትን ወደ ታች ይደፋል። ዋናተኛም ቢሆን ከዚያ አይወጣም። ይህን ለአክስትሽ ቤት ሳላችሁ አሳዪያቸው፤ ሶፋ ላይ ተኝቶ መለማመድ ይቻላል።

ላይፍ ጃኬቱን ስትለብሱ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭ ጋ ከደረሰ ላልቷል፣ የጎን ማጥበቂያዎቹን እንደገና ሳቡ።

ካምፓላ፦
እውነተኛ ራፍቲንግ የፈለገ ዩጋንዳ ጂንጃ ይምጣ። የነጭ ዓባይ ውሃ ሙቅ ነው፣ ክላስ 5 አለው። በቡጃጋሊና በኢሲምባ ግድቦች ምክንያት ብዙው ራፒድ (ውሃው የሚናወጥበት ቦታ) ተውጧል፣ የቀረውም ግን ይበቃል።

ቀጥተኛ፦
እህታችን የጠየቀችው በመኪና ስለሚደረስበት ነው።

ዓባይ ዳር፦
ጎረምሶቹን በተመለከተ፣ ለእነሱ ሌላ ቀን ያዙላቸው። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ጋውሊ ወንዝ ላይ ከሌበር ደይ (የሴፕቴምበር መጀመሪያው ሰኞ በዓል) በኋላ ካለው ዓርብ ጀምሮ ለስድስት ቅዳሜና እሑድ ከሰመርስቪል ግድብ ውሃ ይለቀቃል። ላይኛው ጋውሊ ክላስ 5 ነው፤ መጀመሪያ ታችኛው ኒው ሪቨርን ወይም ሌላ ክላስ 4 ይውረዱና ይምጡ። የመስቀል ሰሞን ስለሚገጥም ቦታ ቶሎ ያልቃል።

ኖቫ 27፦
አሁንም ሃርፐርስ ፌሪ እላለሁ። የእኛ ቤት አንድም ቀን ችግር አላሳየንም።

መርከበኛ፦
ሃርፐርስ ፌሪ ጥሩ ነው፣ ክላስ 1 እስከ 3 ስለሆነ ለዚህ ቡድን አቅሙ ይመጥናል። ችግሩ ወሩ ነው። እዚያ ባለው ሼናንዶዋ ወንዝ ላይ ለራፍቲንግ ተብሎ ውሃ የሚለቅ ግድብ የለም፤ ዝናብ ከጠፋ ኦገስት ላይ ውሃው ይወርዳል፣ ጀልባው ድንጋይ ላይ ይጎተታል፣ ሰው ወርዶ ይገፋል። ዮካጌኒ ላይ ግን ከኮንፍሉዌንስ በላይ ያለው ግድብ በኦገስትም ውሃ ይለቃል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለሃርፐርስ ፌሪው ቤት ደውላችሁ «ውሃው ዝቅ ካለ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። ቀን መቀየር ነው፣ ገንዘብ መመለስ ነው ወይስ በጎማ መንሳፈፍ? መልሱ በጽሑፍ ይምጣላችሁ።

ማኅሌት፦
ስለ ምሳው፦ ሙሉ ቀን ጉዞ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ዳቦ፣ ቀዝቃዛ ሥጋና አይብ ነው። ስትመዘግቡ «ቪጋን» በሉ፤ «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ አይብና እንቁላል ያመጣሉ። ማዮኔዝም እንቁላል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ካለ የጠዋቱን ግማሽ ቀን ያዙ። የከሰዓቱ ላይ ባዶ ሆድ መቅዘፍ ያዞራል። ባዶ ሆድ ያለውን ሰው ፊት አታስቀምጡት፤ ፊት የተቀመጡት ናቸው የመቅዘፉን ምት ለሁሉም የሚሰጡት።

ሲልቨር ስፕሪንግ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አላሰብኩም ነበር። መካከለኛው ዮካጌኒ ላይ አክስቴ ክሮክስ አድርገው ይሆናል? ዌትሱትስ (ከብርድ የሚከላከል የውሃ ልብስ) ያስፈልጋል?

ዓባይ ዳር፦
ክሮክስ አይሆንም፣ ውሃው ከእግር ያወልቀዋል። ተረከዝ ላይ የሚታሰር ጫማ ወይም አሮጌ ስኒከር ይሻላል። የጥጥ ልብስ ውሃ ይዞ ያበርዳል፤ ፖሊስተር ልበሱ። እዚያ ያለው ውሃ ከግድቡ ሥር ስለሚወጣ በኦገስትም ቀዝቃዛ ነው። የአየሩንና የውሃውን ሙቀት በፋራናይት ደምሩት፣ ከ120 በታች ከሆነ ዌትሱት ተከራዩ። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ከኋላ የሚያስር ገመድ ይግዙላቸው።

የተቆጨ፦
ቆይ፣ መካከለኛው ላይ ጋይዱ ጀልባው ውስጥ ይቀመጣል ወይ? ደውለሽ ጠይቀሻቸዋል?