ልጇን የቀበረች እናት ፊት ማን ይወቀስ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ያየሁት ቴአትር እንቅልፍ ነሳኝ። እናት ወንድ ልጇን ትቀብራለች። ድንኳኑ ሳይነሳ የቀሩት ልጆች በቤቱ ይጣላሉ፣ ሴቷ በሦስተኛው ቀን ጭፈራ ቤት ትታያለች። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ወጥተው ወጣቱን ይወቅሳሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔ አላጨበጨብኩም። ቴአትር እንዲህ መገሠጽ አለበት?

የልጆች እናት፦ አለበት እንጂ! ለቅሶ ቤት ገብተው ስልክ ሲነካኩ የሚያመሹ ልጆች አይቻለሁ። ነውር የሚባል ነገር ጠፍቷል። ቤት ውስጥ ካልሰሙን መድረክ ላይ ይስሙት።

የፒያሳ ልጅ፦ እማዬ፣ እኔ አልስማማም። ሰፈራችን በ2016 ሲፈርስ እድራችንም አብሮ ተበተነ። ድሮ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ሐዘንተኛዋን ሌሊት ብቻዋን የማይተዋት ያው ጎረቤት ነበር፣ አሁን ግን አንዱ ከከተማው ጫፍ ሌላው ከሌላው ጫፍ ስለሆነ ለቅሶ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ይያዛል። ቴአትሩ ይሄን አንዴም አላነሳም። ጎረቤት የሌላት እናት አሳይቶ ጥፋቱን ልጅቷ ላይ ጫነው።

የመድረክ ወዳጅ፦ የእኛ ቴአትር እኮ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የተክለሐዋርያት ተክለማርያም ፋቡላ በአውሬዎች ተረት ሹማምንቱን ነካና ታገደ። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ሲመረቅ የታየው የመኮንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮንም የንጉሥ ኃጢአት ነው። ጥፋቱ ከላይ ነበር የሚፈለገው። ዛሬ ግን ጣታችን የሚቀሰረው አቅም በሌለው ላይ ሆነ፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

የልጆች እናት፦ ልክ ነህ ልጄ። ግን ዳዊትንም ናታን መጥቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል። ተግሣጽ ባይኖር ንስሐ ከየት ይመጣ ነበር? የእድሩን ነገር ግን ተቀብያለሁ። እኔም ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ የጎረቤቴን ስም አላውቅም።

ጠያቂ፦ ናታን ንጉሡን ፊት ለፊት ነው የተናገረው። ንጉሡም መልስ ሰጠ፣ «በደልሁ» አለ። ያቺ ልጅ ግን ወንድሟ ነው የሞተባት። ጭፈራ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጣ መጠጡን ሳትነካው ታያለች፣ አንድ ቃል ሳትናገር መብራቱ ጠፋባት። ከዚያ ሽማግሌው ገቡ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።