ድረ ገጹን ሰው ያየዋል፣ ጀልባ የሚያስይዝ ግን የለም፤ የት ላይ ነው የምናጣቸው?

የጣና ጀልባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ጉዞ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ድረ ገጽ አለን። መስመሮቻችን ዘጌ (ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም)፣ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ፣ ደብረ ማርያም ከዓባይ መውጫው ጋር፣ ለሙሉ ቀን ደግሞ ደቅ ደሴት ናቸው። በወር ወደ 400 ሰው ይገባል፤ አብዛኛው በስልክ ነው። ፎርም ሞልቶ የሚልክ ግን ሦስት አራት ሰው ቢገኝ ነው። የፊት ገጹ ላይ አምስት ፎቶ የሚቀያየርበት ስላይደር አለ። ዋጋ አልጻፍንም፣ «ለዋጋ ያነጋግሩን» ነው የሚለው። የማስያዣ ፎርሙ 13 ጥያቄ አለው። ዲዛይኑን ከሥሩ እንቀይረው ወይስ ችግሩ ሌላ ነው? ክፍያስ በኦንላይን መቀበል ይሻለናል? በጀታችን ትንሽ መሆኑን አስቡልን።

ደንገል፦
ዲዛይን ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሚፈተሸው፣ ሰዎች የላኩት ፎርም በእርግጥ ይደርሳችኋል ወይ የሚለው ነው። ብዙ አነስተኛ ድረ ገጾች ኢሜይሉን የሚልኩት ድረ ገጹ ከተቀመጠበት የሆስቲንግ ሰርቨር በቀጥታ ነው። ዶሜኑ (የድረ ገጹ ስም) ላይ ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉት፣ ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጡት መዝገቦች ካልተስተካከሉ ጂሜይል መልእክቱን ስፓም ውስጥ ይከተዋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይቀበለውም። እንግዳው «ተልኳል» የሚለውን አይቶ መልስ ሲጠብቅ ይቀራል፤ እናንተ ደግሞ ሰው የለም ትላላችሁ።

ሌላው የተለመደ ጥፋት፣ በላኪው ቦታ የጎብኚውን ኢሜይል ማስገባት ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ይህን እንደ ማስመሰል ያየዋል። ላኪው የራሳችሁ ዶሜን አድራሻ ይሁን፤ የጎብኚው ኢሜይል የሚገባው «መልስ ለ» በሚለው ላይ ነው። ኢሜይሉ በኤስኤምቲፒ (በኢሜይል አካውንታችሁ ገብቶ በሚልክ መንገድ) ይላክ፣ ኤስፒኤፍና ዲኪም ዲኤንኤሱ (የዶሜኑ ማስተካከያ) ላይ ይግቡ፣ እያንዳንዱ ጥያቄም ዳታቤዝ ውስጥ ይቅር። ከዚያ የቴሌግራም ቦት አገናኙበት። ነጻ ነው፤ ጥያቄ በገባ ቁጥር የሠራተኞቻችሁ ግሩፕ ላይ ወዲያው ይወድቃል። ኢሜይሉ ቢጠፋ እንኳ ቦቱ ያድናችኋል።

ቀጥሎ ስላይደሩ። ፎቶ ከካሜራ እንደወጣ ከተጫነ አንዱ 4 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አምስቱ 20 ሜጋባይት። በሰከንድ 3 ሜጋቢት በሚያወርድ ኔትወርክ 53 ሰከንድ መጠበቅ ማለት ነው። ይህን የሚጠብቅ የለም፤ የሚጠብቅ ቢኖርም ፓኬጁን ትበሉበታላችሁ። ስላይደሩን አውጡትና አንድ ጥሩ ፎቶ ብቻ አስቀሩ። ለኮምፒውተር ወርዱ 1600 ፒክስል፣ ለስልክ 800 ፒክስል አድርጋችሁ ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት አስቀምጡት፤ በ75 ጥራት የስልኩ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎባይት ብዙም አይርቅም። ሁለቱንም መጠን ለብራውዘሩ ስጡት፣ እሱ ይመርጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። «ቆይቶ ይጫን» የሚባለው፣ ፎቶው ሰው ወደ እሱ ሲወርድ ብቻ የሚጫንበት ዘዴ ከታች ላሉት ፎቶዎች ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ካደረጋችሁት ገጹን ጭራሽ ታዘገዩታላችሁ። እያንዳንዱ ፎቶ ወርድና ቁመቱ ኮዱ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ፎቶው ሲመጣ ጽሑፉ ወደ ታች ይዘላል፣ ሰውየው «አስይዝ» ሊነካ ሲል ሌላ ነገር ይነካል። ጉግል ጥሩ የሚለው ትልቁ የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው፤ ያውም ከአራት ጉብኝት በሦስቱ። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሚባለው የጉግል መለኪያ ላይ በነጻ ትለኩታላችሁ፤ የሞባይሉን ውጤት እንጂ የኮምፒውተሩን አትዩ።

ሽምብጥ፦
ደንገል ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ገጹ ቢፈጥንም ሰው የሚፈልገውን ካላገኘበት ያው ነው። የጀልባ እንግዳ ገጹ ላይ የሚፈልጋቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ስንት ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ከየት ነው የምንነሳው፣ ሴቶች ይገባሉ ወይ፣ ላይፍ ጃኬት አለ ወይ፣ ዝናብ ቢመጣስ። እነዚህ መልሶች «ስለ እኛ» ከሚለው ገጽ ሥር ሳይሆን እያንዳንዱ መስመር ካለበት ቦታ፣ ከቁልፉ በላይ ይቀመጡ።

የሴቶቹን ነገር በተለይ አትሸፋፍኑት። ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ያስገባል። ባልና ሚስት አስይዘው መጥተው ወደቡ ላይ ሲሰሙት ገንዘብ ይመልሱልን ይላሉ፣ ኮከብም ይቀንሱባችኋል። ፎርሙ ላይ ክብራን ሲመረጥ ከሥሩ «ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ገዳም ነው፤ ሴቶች በዚያ ሰዓት እንጦስን ይጎበኛሉ» የሚል አንድ መስመር ይውጣ። አለባበስና ጫማ ማውለቅን እዚያው ጨምሩበት። የገዳም መግቢያም ዋጋው ውስጥ ካልገባ «ለብቻ በየገዳሙ ይከፈላል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ጢስ ዓባይንም ከመስመሮቻችሁ ጋር የምትሸጡ ከሆነ ፎቶው የተነሳበትን ወር ጻፉበት። ፏፏቴው የሚሞላው በክረምቱ ማብቂያ፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም አካባቢ ነው። የነሐሴን ፎቶ ለሚያዝያ እንግዳ መሸጥ ጸብ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሰዓትና ቀን ልምጣ፤ እዚህ አገር ማስያዣ ፎርም የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ፎርሙ «8፡00» ካለ የውጭው እንግዳ ጠዋት ይመስለዋል፣ የአገር ውስጡ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ልዩነት። ሰው ሰዓት በራሱ እንዲጽፍ አታድርጉ፤ ምርጫ ስጡት። በአማርኛው ገጽ «ጠዋት 2 ሰዓት»፣ በእንግሊዝኛው ገጽ ያው ሰዓት ከቀትር በፊት 8 ተብሎ ይታይ፤ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ግን አንድ ዓይነት ይሁን። መነሻውን ደግሞ ወደ ጠዋት ሰብስቡት፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ቀኑ ላይ፣ በአማርኛው ገጽ የኛን አቆጣጠር አሳዩ፣ ከሥሩ ግን የፈረንጁን በትንሹ ጻፉት። ፕሮግራመሩ በራሱ ሒሳብ ቀን እየቀነሰ እንዳይሠራው አደራ። ጥር 11 ቀን 2018 ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጥር 11 ቀን 2020 ግን ጃንዋሪ 20 ነው፤ የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ከመስከረም እስከ የካቲት ሁሉም አንድ ቀን ይገፋል። ለጥምቀት ያስያዘ ሰው ቀኑን ስቶ ከሚደርስ፣ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለውን «ኢትዮፒክ» የተባለ ካሌንደር ይጠቀም፤ ሒሳቡን እሱ ያውቀዋል።

የጣና ጀልባ፦
እግዜር ይስጥልን። ፎርሙን ፈትሸን ነበር፣ እውነትም ስፓም ውስጥ የተከማቸ አለ። አንድ የሚያስፈራን ዋጋ መጻፉ ነው። ተፎካካሪ አይቶ ዝቅ ያደርጋል፤ ደግሞ ዋጋው እንደ ሰው ብዛቱና እንደ ነዳጁ ይለያያል።

ዋንዛ፦
ተፎካካሪ ዋጋችሁን ለማወቅ ድረ ገጽ አያስፈልገውም፤ ወደቡ ላይ አንድ ደላላ ጠይቆ ያውቀዋል። ዋጋ የተደበቀበት እንግዳ ግን አይደውልም፤ ዋጋ ወደጻፈው ይሄዳል። ጀልባው በሙሉ የሚከራይ ስለሆነ ዋጋውን በሰንጠረዥ አስቀምጡት፦ ወደ ታች መስመሮቹ፣ ወደ ጎን ከ1 እስከ 5 ሰው፣ ከ6 እስከ 10፣ ከዚያ በላይ። ለቡድን ከሆነ በነፍስ ወከፍ ስንት እንደሚደርስ በትንሹ ከሥር ይጻፍ። ነዳጅ ሲጨምር ሰንጠረዡን ትቀይራላችሁ፤ «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ይጸናል» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። ቀኑ ያለፈበት ሰንጠረዥ ጭራሽ ሰንጠረዥ ካለመኖሩ ይብሳልና የሚያድስ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ።

13ቱ ጥያቄ ይቀነስ። ለጀልባ ጉዞ ቀን፣ መስመር፣ የሰው ብዛት፣ ስም፣ እና ስልክ ወይም ኢሜይል ይበቃል። የፓስፖርት ቁጥር ለምን? ዜግነት ለምን? «አካውንት ይክፈቱ» የሚል ካለም አንሡት። የስልኩን ሳጥን የሚፈትሸውን ኮድ እዩልኝ፤ ብዙዎቹ በ09 የሚጀምር ብቻ ነው የሚቀበሉት። የሳፋሪኮሙን 07 እና የውጭ አገር ቁጥርን «ስህተት» ብለው ይመልሳሉ፤ ሰውየው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ስህተት ካለ ምን እንደሆነ ከሳጥኑ ሥር በአማርኛ ይነገረው፣ የሞላው ሌላው ነገር ግን እንዳይጠፋ። ኔትወርክ ሲቆራረጥም እንደዚሁ፤ የሞላው ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው። የሳጥኖቹ ፊደል ከ16 ፒክስል አይነስ፤ ካነሰ አይፎን ሳጥኑ ሲነካ ገጹን ያጎላዋል፣ ቁልፉም ከዓይን ይጠፋል።

በአንድ ነገር ግን ከላይ ከጻፋችሁት ትንሽ እለያለሁ። ፎርም ፎርም አትበሉ። የአገር ውስጥ እንግዳ ፎርም አይሞላም፤ ይደውላል። ስለዚህ ስልኩ ላይ ከታች የማይንቀሳቀስ አሞሌ (የቁልፎች ረድፍ) ይኑር፣ ሁለት ቁልፍ ብቻ፦ «ደውል» እና «ቴሌግራም»። በእንግሊዝኛው ገጽ በቴሌግራም ፋንታ ዋትስአፕ ይግባ። ቁልፉ ቢያንስ 48 ፒክስል ቁመት ይኑረው። ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ሊንክ ይሁን እንጂ ፎቶ ላይ የተጻፈ አይሁን። ይህ ሲሆን የደወለው ሰው አናሊቲክስ (የጎብኚ መቁጠሪያው) ላይ በራሱ አይቆጠርም፤ በጉግል ታግ ማኔጀር የጥሪ ቁልፉን እንደ ድርጊት ካላስመዘገባችሁት ድረ ገጹ የማይሠራ ይመስላችኋል። ማን ያውቃል፣ አሁንም ከ400ው ውስጥ የሚደውሉ ይኖራሉ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ አሁን አትጀምሩት ነው የምለው። ጥያቄ ይላካል፣ እናንተ ጀልባ መኖሩን አይታችሁ ታረጋግጣላችሁ፣ ክፍያው ወደቡ ላይ። ቀብድ የሚያስፈልገው ለሙሉ ቀን የደቅ ጉዞና ለጥምቀት ሰሞን ብቻ ነው። ለዚያም የአገር ውስጡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላክ። የተላከ ስክሪንሾት ግን ማስረጃ አይደለም፤ በቀላሉ ይቀነባበራል። አካውንታችሁ ላይ መግባቱን በግብይት ቁጥሩ ሳታዩ ጀልባ አትያዙ። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ነጋዴ አካውንት ስለማይከፍት የውጭ ካርድ የምትቀበሉት እንደ ቻፓ ባሉ የአገር ውስጥ የክፍያ መግቢያዎች ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰውየው «እናመሰግናለን» ወደሚለው ገጽ ስለተመለሰ ብቻ ከፍሏል ብሎ የሚመዘግብ ኮድ እንዳይጻፍ፤ ሰርቨራችሁ የክፍያ ድርጅቱን ጠይቆ ያረጋግጥ። ያ ገጽ አድራሻው ከታወቀ ማንም ሊከፍተው ይችላል።

ደንገል፦
ዋንዛ ስለ ስልኩ ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። «ሁለት ዓይነት ገጽ ሠርታችሁ አወዳድሩ» የሚላችሁ ካለ ግን አትስሙት። ከ100 ጎብኚ ሁለቱ የሚያስይዝበትን ገጽ ወደ ሦስት ማደጉን በእርግጠኝነት ለማየት ለእያንዳንዱ ገጽ ከ3000 በላይ ጎብኚ ያስፈልጋል። በወር 400 ሰው ይዛችሁ ከአንድ ዓመት በላይ ትጠብቃላችሁ። ይልቅ ሥራችሁን የማያውቁ አምስት ሰዎች ፈልጉ፣ ስልካቸውን ይዘው «ለቅዳሜ ለአራት ሰው ዘጌን አስይዝ» በሏቸው። ዝም ብላችሁ እዩ፣ አትርዱ። የት ላይ ጣታቸው እንደሚቆም ከተመለከታችሁ የሚቀየረው ነገር ይታያችኋል።

የጣና ጀልባ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። አማርኛውንና እንግሊዝኛውን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን አድርገነዋል። ይህስ ችግር አለው?

ሽምብጥ፦
አለው፣ ለዩዋቸው። ለየብቻ አድራሻ ይኑራቸው፣ እያንዳንዱ ገጽ ቋንቋውን ኮዱ ላይ ይናገር፣ ከላይ ያለው መቀየሪያም የባንዲራ ሥዕል ሳይሆን «አማርኛ» የሚል ጽሑፍ ይሁን። ሰው ከዘጌ ገጽ ላይ ቋንቋ ሲቀይር ወደዚያው የዘጌ ገጽ ይሂድ እንጂ ወደ ፊት ገጽ አይመለስ። ጉግል ትርጉም የሠራውን አማርኛ እንዳለ አታውጡ፤ የአገር ሰው በሁለተኛው መስመር ላይ ያውቀዋል።

ፊደሉ ላይ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በሁለት ውፍረት ብቻ ጫኑት፤ አምስት ውፍረት መጫን ያንኑ የፎቶ ችግር መመለስ ነው። ፊደሉ እስኪመጣ ድረስ የስልኩ ፊደል ይታይ፣ ገጹ ባዶ አይሁን። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ የጠበቀ ስለሆነ ለሐተታው 17 ወይም 18 ፒክስል፣ የመስመር ክፍተቱን 1.7 አድርጉት። ቁልፍ ላይ አጭር ቃል ይግባ፦ «ጀልባ አስይዝ» ይበቃል፣ «የጀልባ ጉዞ ቦታ ማስያዣ ቅጽ» ስልክ ላይ ሦስት መስመር ይሆናል። ግራጫ ፊደል በነጭ ላይ ተዉት፤ ጀልባ ላይ ፀሐይ ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ሰው አያየውም፣ ንፅፅሩ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን።

ጽሑፉ ውስጥ «ባሕር ዳር» ብቻ ሳይሆን «ባህር ዳር»ም አንድ ቦታ ላይ ይግባ፤ ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው በሁለቱም ነው። የጉግል ማፕ ምልክቱን ደግሞ ቢሯችሁ ላይ ሳይሆን ጀልባው የሚነሳበት ወደብ ላይ አድርጉት፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንግዳው የሚሄደው ምልክቱ ወዳለበት ነው።