የድሬዳዋ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ የጥንት በረሃ ነውን?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ከኖራ ድንጋዩ ሥር ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። በአሜሪካ ዩታ የሚገኘው ናቫሆ የተባለው የጁራሲክ ዘመን የአሸዋ ድንጋይ የበረሃ አሸዋ እንደነበረ አንብቤአለሁ። የእኛም በነፋስ የተከመረ ይሆን?

መልስ፦ ናቫሆ ከ180 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን በዛዮን ብሔራዊ ፓርክ ውፍረቱ ከ600 ሜትር ያልፋል። ነፋስ አሸዋውን በክምሩ አንድ ጎን እየገፋ ወደ ላይ ያወጣውና በሌላኛው ጎን ቁልቁል ያንሸራትተው ስለነበር፣ ዛሬ በገደሉ ፊት ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ፣ ረጃጅምና ስስ ንብርብሮች ተደርድረው ይታያሉ። አስደናቂ እይታ ነው! የቀለሙ መቅላት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቅንጣቶቹን የሸፈነው የብረት ኦክሳይድ በወንዝ አሸዋም ላይ ይገኛልና።

ሌላ መልስ፦ በላይኛው ሐሳብ እስማማለሁ። የእኛው የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ የሚባለው ሲሆን፣ በአመዛኙ ወንዞች ያነጠፉት ነው፤ በኋላም ባሕር ምድሩን ሸፍኖ የኖራ ድንጋዩን በላዩ አስቀምጧል። ድንጋዩን ቀርበው ሲመለከቱ ድብልብል ጠጠር ያዘለ ንብርብር ካገኙ፣ ያን የሚያህል ጠጠር ነፋስ ተሸክሞ ስለማይጓዝ፣ የውኃ ሥራ መሆኑን ይረዳሉ።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ከቀለሙ ይልቅ ጠጠሩንና የንብርብሮቹን ማዘንበል እመረምራለሁ።