በሜልበርን ከተማ የሚኖርን ሰው የሰደድ እሳት ያሰጋዋልን?

የአራት ኪሎው አባት
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በቅርቡ ወደ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ትሄዳለች። የምታርፈው ከታናሽ እህቴ ዘንድ ሲሆን፣ ቤቱ ያለው በከተማዋ ዳርቻ፣ ኮረብታና ዛፍ በሚበዛበት ሰፈር ነው። እህቴ በስልክ ስናወራ «ለሰደድ እሳት ያዘጋጀነውን ዕቅድ አስጠናታለሁ» አለችኝ። እኔ የሰደድ እሳትን የማውቀው በ2011 ዓ.ም. ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥቶ የሰሜን ተራሮችን እሳት ለማጥፋት በተረባረበበት ጊዜ ከሰማሁት ዜና ነውና፣ አስፋልትና መብራት ባለበት ከተማ ይህ ስጋት እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ። ልጄ መኪና መንዳት እንደማትችልም ከግምት አስገቡልኝ።

ካዛንቺስ፣ ቀድሞ ፉትስክሬይ (ሜልበርን)
ጋሼ፣ እህትዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2003 እሳቱ ዋና ከተማዋ ካንቤራ ድረስ ገብቶ 4 ሰዎች ሲሞቱ፣ ወደ 500 የሚጠጉ ቤቶች ወድመዋል። ብዙ ሰው የሚያስበው ነበልባሉ እንደ ግድግዳ ቆሞ መጥቶ ቤቱን እንደሚውጠው ነው፤ አብዛኛውን ቤት የሚያቃጥለው ግን ከነበልባሉ ቀድሞ በነፋስ የሚበረው ፍንጣሪ ነው። እንጦጦ የወጣ ሰው ከባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ተልጦ የሚንጠለጠለውን ረጅም ቅርፊት ያውቀዋል። በምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የመጣው ይህ ዛፍ የትውልድ አገሩ እዚያው አውስትራሊያ ነው፤ ቅርፊቱ በእሳት ተያይዞ ሲነሳ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ደረቅ ቅጠል በሞላው አሸንዳ ወይም በጣራና በኮርኒስ መካከል ባለ ክፍተት ውስጥ ያርፋል። ስለዚህ ከበጋው በፊት አሸንዳውን መጥረግ፣ ክፍተቱን በጥሩ የብረት ወንፊት መድፈን፣ ከግድግዳ አጠገብ የተከመረ እንጨትና ካርቶን ማራቅ ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። በአውሮፓውያኑ የካቲት 7 ቀን 2009፣ የሜልበርን ሙቀት 46.4 ዲግሪ በደረሰበት ዕለት፣ ሜልበርን በምትገኝበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በሰደድ እሳት 173 ሰዎች ሞተዋል። በዚያ አካባቢ እንዲህ ባለ ቀን ከሰሜን የሚነፍሰው ሞቃት ነፋስ ወደ ማታ በድንገት ከደቡብ ምዕራብ ስለሚዞር፣ የእሳቱ ረጅም ጎን በአንድ ጊዜ ግንባር ይሆናል፤ «እሳቱ በወዲያ በኩል ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው በዚህ ጊዜ ይከበባል። የአደጋው ደረጃ በየቀኑ የሚነገር ሲሆን፣ ከአራቱ ደረጃዎች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የታወጁ እንደሆነ ልጅዎ ጭስ እስክታይ ሳትጠብቅ፣ ዋዜማውን ወይም ማለዳውን በባቡር ወደ መሀል ከተማ ወጥታ ወዳጅ ቤት ትዋል። መኪና ለሌለው ሰው ዕቅዱ ይኸው ነው። «ቪክ ኢመርጀንሲ» የተባለውን የአደጋ ማስጠንቀቂያ መተግበሪያ ስልኳ ላይ ትጫን፤ ነገር ግን መብራትና ኔትወርክ ሊቋረጡ ስለሚችሉ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮም ያስፈልጋል።

ነርሷ፣ ስድስት ኪሎ
በመሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ይበልጥ ቅርብ የሆነው አደጋ ጭሱ ነው ባይ ነኝ። በ2019 እና 2020 መካከል በነበረው የአውስትራሊያ በጋ እሳቱ በቀጥታ የገደላቸው 33 ሰዎች ሲሆኑ፣ ተመራማሪዎች ከጭሱ ጋር በተያያዘ የሞቱትን ከ400 በላይ አድርገው ገምተዋቸዋል። ልጅዎ አስም ካለባት ማስታገሻዋን በበቂ መጠን ይዛ ትሂድ፤ እዚያ እንደደረሰችም ሐኪም በጽሑፍ የአስም ዕቅድ ያውጣላት። የጨርቅ ጭምብል ለደቃቁ ብናኝ አይረዳም፤ እዚያ «ፒ2» ተብሎ የሚሸጠው፣ እኛ «ኤን 95» የምንለው፣ ፊት ላይ በደንብ ሲገጥም ይከላከላል። በተጨማሪም አንዳንድ የሜልበርን ቤቶች የሚቀዘቅዙት የውጭውን አየር በውኃ አርሶ ወደ ውስጥ በሚስብ ማሽን ስለሆነ፣ ጭስ ባለበት ቀን ማሽኑን አጥፍቶ መስኮት መዝጋት ይገባል።

የአራት ኪሎው አባት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መውጫ ጊዜው ቢያልፍባትስ? በጓሮ ቱቦ ውኃ እየረጩ መከላከል አይቻልም?

ሽሮ ሜዳ
በቱቦ ውኃ አይታመኑ። የመብራት ኃይል ሲቋረጥና ጎረቤቱ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ግፊቱ ይወርዳል። ለአደጋ የሚደወለው ቁጥርም ከእኛው 939 የተለየ ነው፤ እዚያ ለእሳት፣ ለአምቡላንስም ሆነ ለፖሊስ 000 ነው።

ካዛንቺስ፣ ቀድሞ ፉትስክሬይ
ሽሮ ሜዳ ያለው ልክ ነው፤ ቤት ጠብቆ መከላከል የራሱ ፓምፕና የውኃ ጋን ላለው፣ አካሉም ለጠነከረ ሰው እንጂ ለእንግዳ ተማሪ አይሆንም። መንገዱ ከተዘጋ ግን በእግር ወደ ውጭ መሮጥ ይገድላል፤ ነበልባሉ ሳይነካት ግለቱ ብቻ ይጥላታልና። ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ወይም የሱፍ ልብስና የቆዳ ጫማ ትልበስ፤ ናይሎን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። እሳቱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ወገን ባለ፣ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ባለው ክፍል ውስጥ ከአክስቷ ጋር ትቆይ። ውኃ ስላለ ብለው ብዙዎች የሚገቡበት መታጠቢያ ቤት አንድ በር ብቻ ካለው ወጥመድ ይሆናል። ግንባሩ ካለፈ በኋላ ወደተቃጠለው መሬት ይወጣሉ፤ ቤቱ ከውስጥ ከተያያዘ ደግሞ ያን ጊዜም ቢሆን ሳይዘገዩ መውጣት አለባቸው።

ፓስፖርቷንና የትምህርት ማስረጃዋን ከጥቅምት ጀምሮ በአንድ ቦርሳ ውስጥ፣ በር አጠገብ ታስቀምጥ።