ከሶላርና ከውሃ ማዳበሪያ ይሠራል ተባልን፤ ገንዘባችንን እናውጣ?

የቆጋው ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቆጋ መስኖ ላይ ስንዴና ድንች የምናመርት ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። ሰሞኑን አንድ ሻጭ መጥቶ ነበር። 20 ኪሎዋት ሶላር ተክሎ ከውሃ ሃይድሮጂን፣ ከአየር ናይትሮጂን እየወሰደ አረንጓዴ አሞኒያ (ናይትሮጂን ያለበት የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ) ያመርታል አሉ። በዓመት 500 ኩንታል ዩሪያ ይተካላችኋል፣ የተረፈው ሃይድሮጂን ፓምፕ ያንቀሳቅሳል ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። አባላቱ ዩሪያ በወቅቱ አልደርስ እያለ ስላማረራቸው ለመክፈል ተነስተዋል። ነገሩ እውነት ነው? ምን ልጠይቀው?

መሐንዲሷ፦
ወንድሜ፣ ቴክኖሎጂው እውነት ነው። ቁጥሩ ግን አይገናኝም። ከውሃ አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ለመለየት ብቻ ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚያ ከናይትሮጂን ጋር በ400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት፣ በከባድ ግፊት ይዋሃዳል። ሁሉም ሲደመር አንድ ቶን አሞኒያ ወደ 10,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል።

20 ኪሎዋት ሶላር በእኛ ፀሐይ በዓመት 32,000 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ቢሰጥ ነው። 3 ቶን ከምናምን አሞኒያ ማለት ነው። በናይትሮጂን ሲሰላ ወደ 57 ኩንታል ዩሪያ ይሆናል። ለ500 ኩንታል 175 ኪሎዋት ያህል ሶላር ይፈልጋል፤ እሱም ትንሿ ማሽን እንደ ትልቅ ፋብሪካ ትቆጥባለች ብለን ነው።

የፓምፑን ነገር ተወው። መብራቱን ሃይድሮጂን አድርጎ መልሶ መብራት ማድረግ ከግማሽ በላዩን ያባክናል። ፓምፑን በቀጥታ ከሶላሩ ጋር አገናኙት።

አፈር ባለሙያ፦
አሞኒያ ዩሪያ አይደለም። ዩሪያ ለማድረግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ ከየት እንደሚያመጣ ጠይቀው። ንጹሕ አሞኒያ ደግሞ በግፊት ታንክ ተይዞ አፈር ውስጥ በልዩ ማረሻ የሚቀበር እንጂ በእጅ የሚበተን አይደለም። ማረሻውን ማን ይገዛል?

ሌላም አለ። ቆጋ ያለበት የሜጫ ወረዳ ቀይ አፈር አብዛኛው አሲዳማ ነው። አሞኒያም ሆነ ዩሪያ አሲዱን ያብሱታል። ኖራ ሳይጨመር የሚከፈለው ገንዘብ ሰብሉ ላይ በደንብ አይታይም።

ከዱባይ፦
እኔ የምጠግነው በአሞኒያ የሚሠራ የቀዝቃዛ መጋዘን ማሽን ነው። ይህን ነገር በቀላሉ እንዳታዩት። ቫልቭ ትንሽ ሲያፈስ ዓይን አያስገልጥም፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ብዙ ከሆነ ይገድላል። እኛ መነጽርና ጭንብል ሳናደርግ አንጠጋም፣ የዓይን መታጠቢያ ውሃም ሁልጊዜ በቅርብ አለ። ንፋሱ ወደ ቤት በሚነፍስበት በኩል ታንክ አይቀመጥም። ሻጩ ስለዚህ ካልተናገረ በሩን አሳዩት።

ከሮተርዳም፦
ተስፋ እንዳትቆርጡ ብዬ ነው የምጽፈው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አስዋን ላይ ኪማ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በአባይ ውሃ ኃይል ከውሃ ሃይድሮጂን እየለየ ማዳበሪያ ሠርቷል፤ በኋላ ነው ወደ ተፈጥሮ ጋዝ የዞረው። ዚምባብዌ ውስጥ ሴብል ኬሚካልስም በዚሁ መንገድ ሲሠራ ቆይቶ በ2015 አቁሟል። ኬንያ ናይቫሻ አካባቢ አንድ እርሻ ላይ በቀን አንድ ቶን ገደማ አሞኒያ እንዲያመርት የተሠራ የሶላር ማምረቻ አለ። ሶላሩ ግን በሜጋዋት ነው የሚቆጠረው። ርካሽና የማይቋረጥ መብራት ካለ ያዋጣል። ለአንድ ማኅበር ብቻውን ከባድ ነው፤ ዩኒየኖች ተሰባስበው ቢያጠኑት ግን ደስ ይለኛል።

የቆጋው ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እሑድ ስብሰባ አለን፤ የእህቴን ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። የሚሠራ ማሽን ካለው ሄደን ሳናይ አንከፍልም እላለሁ። ወንድሜ፣ የአፈሩ ምርመራ የት ይደረጋል?

አፈር ባለሙያ፦
ባሕር ዳር የአፈር ላቦራቶሪ አለ። ከማሳው የተለያየ ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እየቆፈርክ ውሰድ። ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቀላቅለህ፣ ጥላ ላይ አድርቀህ አንድ ኪሎ ያህሉን ስጣቸው። ማዳበሪያ ወይም ፍግ ከተከመረበት ቦታ ግን እንዳትወስድ። የማሳውን ስምና ቀኑን ከረጢቱ ላይ ጻፍ፤ ቀበሌ ላይ ያለው የግብርና ባለሙያ ያግዝሃል።