የቢራ ማስታወቂያ ታገደ፣ የለስላሳና የቺፕሱስ?

የጎፋዋ፦ በ2011 አዋጅ 1112 ሲወጣ የአልኮል ማስታወቂያ ከቲቪና ከሬድዮ ወጣ አይደል፣ እሺ በልጆች ፕሮግራም መሃል የሚለቀቀው ለስላሳ፣ ቺፕስ፣ ብስኩትስ ለምን ዝም ይባላል? ልጄ ገና ፊደል አልለየችም ሱቅ ስንገባ ግን ፓኬቱን በስሙ ትጠራዋለች እኮ

ዳኒ፦ ኧረ በናትሽ፣ መንግስት ጓዳሽ ድረስ ይግባልሽ? ሪሞቱ በማን እጅ ነው? እኛም ከረሜላ በልተን ነው ያደግነው ምን ሆንን

የጎፋዋ፦ ስራ ስውል በሞግዚቷ እጅ ነዋ ዳኒዬ

ሲስተር፦ "ምን ሆንን" ላልከው፣ የስኳር ህመም ክትትል ያለበት ቀን ሀኪም ቤት ና እና ወረፋውን እይ። አንድ የ330 ሚሊ ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ነው የሚለው፣ ለህፃን ሲሆን አስቡት። ቺሊ በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ስኳር የበዛበት እሽግ ላይ ጥቁር ምልክት ታስለጥፋለች፣ ልጅ የሚስብ ካርቱንም ከፓኬቱ ላይ አስነስታለች

ዳኒ፦ ቺሊ ሌላ እኛ ሌላ! እዚህ ቺፕሱ በላስቲክ ተቋጥሮ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው የሚሸጠው፣ ምልክቱን ምኑ ላይ ልትለጥፊው ነው

የጎፋዋ፦ የላስቲኩ ቺፕስ ቲቪ ላይ ሲዘፈንለት አይቼ አላውቅም፣ አታምታታ

አቤል፦ እኔ ሚድያ ቤት ነው የምሰራው፣ የቢራው ሲቀር ስፖንሰር ያጣ ፕሮግራም ስንት ነው፣ ጠጪው ግን የት ሄደ? ቢራ ጠማቂዎቹ ማልት ይዘው መጡ፣ ያው ዘፈን ያው ጭፈራ። ደሞ የአልኮሉ እገዳ ለብሮድካስት ነው የተፃፈው፣ ልጆቹ ያሉት ዩቱብና ቲክቶክ ላይ ነው፣ እዛ ብስኩቱን የሚያስተዋውቀው ኮሜዲያን ማስታወቂያ መሆኑን እንኳ አይናገርም

ጋሽ ተሾመ፦ ሁዳዴ እንኳ አልቀረለትም፣ የፆም ኬክ እያሉ ነው ሲያስተዋውቁ የከረሙት 😄

ዳኒ፦ ጋሼ እሱማ ይጣፍጣል

ሲስተር፦ አቤል ያልከው እውነት ነው ግን ሁሉንም መዝጋት ካልተቻለ ምንም አይዘጋ ማለት አይደለም፣ ማልት ቢመጣም ቢራው በህፃናት ሰዓት አይታይም

አቤል፦ እሺ የልጆች ፕሮግራሙን ወጪ ማን ይችላል? ስፖንሰር ከሌለ ይቀራላ፣ ከዛ ሁሉም ስልክ ላይ ነው የሚያፈጡት

የጎፋዋ፦ ባንኩም ሳሙናውም ስፖንሰር ያድርግ። መጀመሪያ ከልጆች ፕሮግራም መሃል ይውጣልኝ፣ ቲክቶኩን ከዛ በኋላ እንጨቃጨቃለን